ብስክሌት ጠጋኞቹ የበረሩ ጊዜ

ባለፈው ሐምሌ ልጄ እየነዳ አየር ጤናን አልፈን ስንሄድ የመኪናው ጎማ ተነፈሰና፣ ዝናቡ እየወረደብን አንድ ጎሚስታ በር ላይ ቆምን። ጎሚስታው የውስጥ ጎማውን አውጥቶ፣ ቀዳዳውን ፈልጎ፣ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ የማስቲሽ ቆርቆሮውን ሲከፍት ያ ሽታ መጣ። አፍንጫ የሚሰነፍግ፣ ራስ የሚያዞር፣ ግን ለእኔ ከማንኛውም ሽቶ የሚጥመኝ ሽታ ነው። ልጄ «እማዬ፣ መኪና ውስጥ ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ» እያለ ይጠራኛል፣ እኔ ግን ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ነበር።

አባቴ ወልዴ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ከታላቅ እህቱ ጋር መጥቶ፣ መርካቶ ውስጥ ብዙ ነገር ሞክሮ፣ በመጨረሻ ኮልፌ ላይ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ የሆነች ሱቅ ከፈተ። ከጣሪያዋ ጎማ የሌላቸው ብስክሌቶች ይንጠለጠሉ ነበር፣ ከበሯ ውጪ ደግሞ የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚከራዩአቸው ዕድሜ የጠገቡ ብስክሌቶች ተደግፈው ይቆሙ ነበር። መሀል ላይ ውሃ የሞላ አሮጌ ባኞ አለ። አባቴ የተነፈሰውን ጎማ እየነፋ ባኞው ውስጥ ይነክረውና፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። እኔም አብሬው እይዝ ነበር። ሲያገኘው «አለሁ አለች» ይላል፣ ሌላ ብዙም አይናገርም። ፊደል የቆጠረው ከአንድ ቄስ ዘንድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያነበበው ነገር ቢኖር የጎማ ላይ ጽሕፈት ነው።

ትምህርት ቤት ስሜ ብርቅነሽ ቢሆንም የክፍል ልጆች «ማስቲሽ» ይሉኝ ነበር፣ ልብሴ የአባቴን ሱቅ ስለሚሸት። ቤት ውስጥ ይህን ተናግሬ አላውቅም።

ስድስተኛ ክፍል የገባሁት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ውስጥ ነው። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ትልቅ በር ነበር፣ ምክንያቱም ሰባተኛ ከተገባ ከአማርኛ በስተቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ አንድ እግሩ የተሰበረ ፍየል ይመስል ነበር። ስለ ዛሬ መናገር እንደ ምንም እችላለሁ፣ ትናንት ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሱ አስተማሪያችን ትናንት ምን እንዳደረግሁ ቢጠይቀኝ ተነሥቼ «የስተርደይ አይ ጎ ቸርች» አልኩ፣ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹም ቢሆኑ ትክክለኛውን አያውቁትም፣ የሳቁት ከሁሉ ጮክ ያለ ሳቂ የነበረው ታደሰ ስለ ሳቀ ነው።

መስቀል በቤታችን የዓመቱ ትልቁ ቀን ነበር፣ ያን ዕለትም የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ድንቄ ከመርካቶ ይመጡ ነበር። እትዬ ድንቄ አባቴን ያሳደጉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው፣ መርካቶ ውስጥ ቁልፍና ክር፣ ዳንቴልና ላስቲክ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ክትፎው ከተበላ፣ ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አባቴ ዞሩ።

«ወልዴ፣ ይህችን ልጅ ስጠኝ» አሉ። «ፊደሉን ለይታለች፣ መደመር መቀነሱን ታውቃለች፣ ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ተምራ ምን ልትሆን ነው? ከእኔ ጋር ትኑር፣ ሱቁን ትልመድ። እኔም ሲመሽ የማናግረው ሰው ላግኝ።»

አባቴ ለእህቱ እምቢ ብሎ አያውቅም። እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ ታየው ነበር፣ እኔም ከእሷ ጀርባ ቀሚሷን ይዤ። እሱ እጆቹን አገላብጦ አየና፣ «ዓመቱን ትጨርስ እትዬ» አለ። «ሰባተኛ ካለፈች ትማር። ካላለፈች ያንቺ ናት።»

አክስቴን እወዳቸው ነበር፣ ቤታቸውም አዲስ ጨርቅ ጨርቅ የሚሸት፣ ከእኛ ቤት የተሻለ ቤት ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት «ያንቺ ናት» ሲባል ስሰማ የእናቴን ቀሚስ ለቀቅሁ። ደብተሬን አውጥቼ እንግሊዝኛውን ለማጥናት ተቀመጥኩ፣ ግን ምን እንደሚጠና አላውቅም ነበር። የቃላት ተራራ ነው፣ መውጫው የማይታይ።

ኅዳር ገባ። ከተማው ጉድፉን ጠርጎ በየደጁ የሚያጥንበት ቀን አልፎ፣ ጭሱ ገና ከልብሳችን ሳይለቅ፣ አስተማሪያችን ቲቸር አስፋው ያለፈውን ጊዜ ግሶች ጥቁር ሰሌዳው ላይ መደርደር ጀመረ። ቲቸር አስፋው ዩኒቨርሲቲውን ሳይጨርስ ለአንድ ዓመት አስተምር ተብሎ የተላከ፣ ኮቱ የሚሰፋው፣ ሲናገር ጠመኔውን እንደ ሲጋራ የሚይዝ ወጣት ነበር። በግራ የዛሬውን፣ በቀኝ የትናንቱን ይጽፋል፣ እኛ በዜማ እንከተለዋለን፣ ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ግማሾቻችን እያንቀላፋን።

አንድ ቀን እንዲህ እያዜምን ከልደታ፣ ከአሮጌው አየር ማረፊያ የተነሣች ትንሽ አውሮፕላን በትምህርት ቤታችን ጣሪያ ላይ ዝቅ ብላ ስታልፍ ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ተጋፋ። አስተማሪዎቻችን በእንዲህ ያለ ጊዜ በማስመሪያ ነበር የሚመልሱን። ቲቸር አስፋው ግን መጥቶ ከኋላችን ቆመና፣ «እስክትጠፋ ድረስ እዩአት» አለን። አየናት። ከባሕር ዛፎቹ በላይ ነጥብ ሆና ጠፋች።

«አሁን አለች?» አለን።

«የለችም፣ ቲቸር።»

«አልፋለች። ስለዚህ ፍላይ አይባልም፣ ፍሊው ይባላል። ያለቀ ነገር ነው። በሩ ተዘግቷል።»

ከዚያ ተመልሶ ሰሌዳውን አጠፋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሰው ልጅ እንዴት መብረር እንደ ጀመረ በቀን ጥቂት በጥቂት በእንግሊዝኛ ይነግረን ጀመር፣ ግሶቹን ከታሪኩ ውስጥ እየመዘዘ። ኢዲ ተጨምሮባቸው ዝም ብለው የሚያልፉትን «ጨዋዎች» ይላቸው ነበር፣ መልካቸውን የሚለውጡትን ደግሞ «ዓመፀኞች»። አንድ ቀን ይህን ቃል ጮክ ብሎ ከተናገረ በኋላ በሩን ዞር ብሎ አየና፣ ፈገግ ብሎ፣ «እምቢ ባዮች እንበላቸው፣ ይሻላል» አለ። ያኔ ለምን በሩን እንዳየ አልገባኝም ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጊዜው የሚታሠሩበት ዘመን መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኛ ግን ስሙን ወደድነው። ፍላይ እምቢ ባይ ነው፣ ፎል እምቢ ባይ ነው፣ ቢልድ እምቢ ባይ ነው። ከት፣ ማለትም መቁረጥ፣ ደግሞ ትናንትም ዛሬም ያው ከት ስለሆነ ሰነፍ አልነው።

ማታ አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ እጁን በጋዝና በአመድ አሽቶ ታጥቦ ሲገባ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይለኝ ነበር። ይህን የሚለው ለወጉ ነበር፣ እኔም ለወጉ «ብዙ» እል ነበር። የፊኛው ታሪክ የተነገረን ቀን ግን መቆየት አልቻልኩም። ሰዎች ከጨርቅና ከወረቀት ትልቅ ፊኛ ሠርተው፣ በጭስ ሞልተው፣ ሰው ከመግባቱ በፊት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ቅርጫት ውስጥ አስገብተው በንጉሣቸው ፊት ወደ ሰማይ እንደ ለቀቁአቸው ነገርኩአቸው። እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«በጉ ደኅና ወረደ?» አለች።

«ወረደ እማዬ። ሣር ሲግጥ አገኙት።»

«ዶሮውስ?»

«በጉ ክንፉን ረግጦት ነበር እንጂ አልሞተም።»

«ታዲያ ንጉሡ ራሳቸው አይሞክሩትም ነበር?» አለች እናቴ። አባቴ ቶሎ ብሎ መስኮቱን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ንጉሥ ባለበት በግ ይቀድማል» አለ፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አባቴ እንዲህ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሳቁ ሲመለስ፣ «በይ በእንግሊዝኛው በይው» አለኝ።

«አባባ፣ አይገባህም እኮ።»

«አንቺ በይው፣ እኔ እሰማለሁ።»

«ዘ ሺፕ ዌንት አፕ። ዘ ሺፕ ኬም ዳውን።»

እጁን አንሥቶ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አደረገ። «ዌንት፣ ኬም» አለ። «ደህና ነው።» ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ታሪኩን ሳልነግር እራት አይቀርብም ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ደግሞ እናቴ የምትጠይቃቸው ቲቸር አስፋው እንኳ ያላሰባቸው ጥያቄዎች። ቀን ክፍል ውስጥ የሰማሁትን ማታ ለመንገር ስል ጆሮዬን ከፍቼ መዋል ለመድኩ።

ገና ሊደርስ ሲል፣ ብርዱ ኮልፌ ላይ በጠዋት ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ በገዛ እጁ ከቆለለው ጉብታ ላይ ጨርቅ የለበሱ ክንፎች ታጥቆ ስለሚዘልለው ሰው ተማርን። ደጋግሞ ዘለለ፣ ደጋግሞ እንደ ጭልፊት ተንሳፈፈ፣ አንድ ቀን ንፋስ ከዳውና ወድቆ ጀርባው ተሰበረ። ፌል፣ ብሮክ። ሁለቱም እምቢ ባዮች ናቸው። ከዚያ ቲቸር አስፋው ሰሌዳው ላይ ሦስተኛውን ቃል ጻፈ፣ ዳይድ። ሞት የሚያህል ነገር ከእምቢ ባዮቹ ሁሉ የባሰ እምቢ ባይ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ጨዋ ግስ ሆኖ አገኘሁት፣ ዲ ብቻ ጨምሮ በሰላም የሚያልፍ። በዚህ ግርምት ብዙ ቀን ቆየሁ። እናቴ ማታ ስትሰማ «ነፍስ ይማር» አለች፣ ቀጥላም «ሚስት ነበረችው?» አለችኝ። በማግሥቱ ጠየቅሁላት። ነበረችው፣ ልጆችም ነበሩት። እናቴ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች፣ ያን ማታ ታሪኩን በእንግሊዝኛ በይው የሚል አልነበረም።

ጥምቀት አልፎ አቧራው ሲነሣ ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች ደረስን። ቲቸር አስፋው እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ማን እንደነበሩ፣ ምን ይሠሩ እንደነበር ጻፈ፣ ከዚያ ቃሉ ከባድ መስሎት በአማርኛ ተረጎመልን። «ብስክሌት ይሠሩ፣ ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። ሱቅ ነበራቸው።»

መጀመሪያ አንድ ሁለቱ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ሁሉም ዞሩ። ታደሰ ከኋላ ሆኖ፣ «የማስቲሽ አባት ይብረርልና!» ብሎ ጮኸ፣ ክፍሉም ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። እንደ ወትሮው አንገቴን ደፋሁ፣ ነገር ግን እንደ ወትሮው አላፈርኩም፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ሙቀት ነበር። ብስክሌት ጠጋኞች! እንደ አባባ!

ሮጬ ነው ሱቁ የደረስኩት። አባቴ አንድ ጎማ ባኞው ውስጥ ነክሮ ጎንበስ ብሏል። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኩት። ቀና አለ፣ ጎማውን ከውሃው አወጣ፣ መፍቻውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ይህ መምህር የት ነው የሚያውቀኝ?» አለ።

«አያውቅህም፣ አባባ።»

«ይህን ሲናገር ልጆቹ ምን አሉ?»

የባኞውን ውሃ በጣቴ ማማሰል ጀመርኩ።

«ብርቄ፣ ልጆቹ ሳቁ?»

«ሳቁ።»

«ባንቺ?»

ቀስ ብዬ ማስቲሽ እንደሚሉኝ፣ ታደሰም ምን ብሎ እንደ ጮኸ ነገርኩት። እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ የተናገርኩበት ጊዜ የለም። አባቴ እጆቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «ብስክሌት ጠጋኝ አይበርም» አለ። «ይህ ሰው ሲቀልድብኝ ነው የከረመው። ነገ እመጣለሁ።»

እናቴ ለማስቀረት ሞከረች፣ መምህር ፊት በቁጣ አይቀረብም አለችው። በማግሥቱ ግን በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በሩ ተንኳኳና አባቴ ገባ። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ከላይ የሠርግና የልቅሶ ኮቱን ደርቦ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። እኔ ዴስኩ ሥር መግባት ቢቻል እገባ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር» አለ አባቴ። «የብርቅነሽ አባት ነኝ። ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። እዚህ ክፍል በብስክሌት ጠጋኝ ይሳቃል ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ቲቸር አስፋው ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀላ። ጠመኔውን አስቀምጦ፣ እጁን ኮቱ ላይ ጠርጎ አባቴን ጨበጠው። «ጋሼ፣ ልጆቹ ስቀው ይሆናል። ያ የእኔ ጥፋት ነው፣ ማስቆም ነበረብኝ። ታሪኩ ግን ቀልድ አይደለም። ጊዜ ካለዎት ይቀመጡና ሰምተው ይፍረዱ።»

«እንግሊዝኛ አልሰማም።»

«ልጅዎ ትሰማለች» አለ ቲቸር አስፋው፣ ወደ እኔ ዞሮ። «ብርቅነሽ፣ ነዪ። ለአባትሽ ትተረጉሚላቸዋለሽ።»

አባቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት በጎን፣ እኔ በእሱና በሰሌዳው መካከል ቆምኩ። ቲቸር አስፋው አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር እየተናገረ ይጠብቀኝ ጀመር። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ሱቅ ነበራቸው። ወፎችን ይመለከቱ ነበር። ከዚያ የሠሩትን ነገር ሲናገር ቢልት አለ፣ እኔም በድንጋጤ «ክንፍ ያለው መኪና ይሠራሉ» አልኩ።

አባቴ ግንባሩን ቋጠረ። ሊያርመኝ አልነበረም፣ የምር ነው የጠየቀኝ። «እየሠሩ ነው ወይስ ሠርተው ጨርሰዋል?»

ይህን ሲለኝ የተዘጋ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ተከፈተ። ለአንድ ሰሞን እንደ መዝሙር ስደጋግመው የነበረው ነገር ለካ ይህ ነው። ሰው ሲሰማሽ አልቆ እንደሆነ፣ እየሆነ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። «ሠሩ» አልኩት። «ሠርተው ጨረሱ፣ አባባ። አልፏል።»

«እሺ» አለ። «ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ከከተማቸው ርቀው አሸዋና ንፋስ ብቻ ወዳለበት ባሕር ዳር ሄዱ። ሞከሩ፣ ወደቁ። ተመለሱ። እንደገና አሰቡ፣ እንደገና ሠሩ። ከሞተሩ ወደሚሽከረከሩት ሁለት መቅዘፊያዎች ኃይሉን ያስተላለፉት እንደ ብስክሌት በካቴና ነበር። ይህን ስል አባቴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ ዴስኩ ላይ አደረገው። ማን ቀድሞ እንደሚሞክር ሳንቲም ወርውረው ዕጣ ጣሉ። ዕጣው የወጣለት ታላቅየው ሞከረና አልተሳካለትም። ሌላ ቀን፣ ብርድ በሆነ ጠዋት፣ ተራው የታናሽየው ሆነ። ክንፉ ላይ በሆዱ ተኛ፣ ታላቅየው ክንፉን ይዞ አብሮት ሮጠ። ከዚያ ቲቸር አስፋው ያንን ቃል ተናገረ፣ ፍሊው፣ እኔም ወደ አባቴ ዞሬ፣ «በረረ» አልኩ።

አባቴ ከወንበሩ በግማሽ ተነሥቶ ነበር።

«ምን ያህል ቆየ?»

ጠየቅሁለት። መልሱን ሰማሁና፣ «አባታችን ሆይ ተብሎ ሳያልቅ ወረደ» አልኩት፣ ይህንን ግን የጨመርኩት ከራሴ ነው።

«መኪናው ተሰበረ?»

«ያን ጊዜ አልተሰበረም። በኋላ ቆሞ ሳለ ንፋስ ገልብጦ ሰበረው።»

«ንፋስ ይህ ነው ባሕርዩ» አለ አባቴ፣ እንደሚያውቀው ሰው። ጥቂት አሰበና በቀጥታ ቲቸር አስፋውን ጠየቀው። «መምህር፣ እነሱ ባሕር ዳር ንፋስ ሲጠብቁ ሱቁን ማን ያይላቸው ነበር?»

ቲቸር አስፋው ሳቀ፣ ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም። መልሱን ለአባቴ በአማርኛ መናገር ይችል ነበር። እሱ ግን እኔን አይቶ በእንግሊዝኛ ተናገረ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱም ቃል እንዳያመልጠኝ። እኔም እየሰማሁ ወደ አባቴ መለስኩት።

«እህት ነበረቻቸው። ሲሄዱ ሱቁን ታይላቸው ነበር። አስተማሪ ነበረች። ሁለቱ ወንድማማቾች ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትምህርቷን የጨረሰችው እህትየዋ ነበረች።»

አባቴ መጀመሪያ ቲቸር አስፋውን አየ፣ ቲቸር አስፋውም ራሱን ነቀነቀለት፣ እውነት ነው ለማለት። ከዚያ እኔን አየኝ። ሰው የራሱን ልጅ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ሲያይ ያሳፍራል፣ የት እንደምመለከት ጠፋኝ። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አነሣ።

«በደንብ ነው የነገርሽኝ» አለ። «ሁሉም ገባኝ።»

ለቲቸር አስፋው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ታደሰ የሚባለው የትኛው ነው?» አለ። ታደሰ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ና፣ ብስክሌት ስትፈልግ እኔ ዘንድ ና» አለው አባቴ። ሁሉም ሳቁ፣ አባቴም አብሮ ሳቀና ሄደ። ታደሰ በእርግጥም መጣ፣ ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላ ከሱቃችን የማይጠፋ ደንበኛ ሆነ። ማስቲሽ ማለቱን ግን አልተወም፣ ብቻ ቃሉ መናደፉን ተወ።

በልጉ ሲጥል፣ ኮልፌ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር ሲሆን፣ አባቴ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ፋኖሱ ከእሱ ወንበር አጠገብ ተነሥቶ እኔ የማጠናበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ እሱም በጨለማው በኩል ተቀምጦ ዝም ብሎ ይሰማኝ ነበር። ሰኔ መጣ፣ ተፈተንን። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀን ያለፉት ስም በግቢው መሀል ሲጠራ የእኔ ስም ከፊተኞቹ አልነበረም፣ ከመጨረሻዎቹም አልነበረም፣ ብቻ ተጠራ። ቤት ደርሼ ስነግራቸው እናቴ እልል ስትል ጎረቤት ወንድ ልጅ የተወለደ መስሎት ወጣ።

እትዬ ድንቄ የመጡት በነሐሴ ነው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሁለት አዳዲስ ቀሚስ አሰፍተውልኝ። ቀሚሶቹን እያጣጠፉ ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡ አባቴ ነገሩን ነገራቸው። «አልፋለች፣ እትዬ። ትማራለች።»

አክስቴ ያጣጠፉትን ቀሚስ ፈትተው እንደገና አጣጠፉት። «እንግዲህ እኔ ባዶ ቤቴ ልመለስ?» አሉ በመጨረሻ። በቁጣ አልነበረም፣ ስለዚህ ነው ያስለቀሰኝ። እስከዚያች ሰዓት አክስቴ የሚፈልጉት የሱቅ ረዳት ይመስለኝ ነበር።

ያዳነችን እናቴ ናት። «እትዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትምጣልዎት፣ እዚያው ትደር፣ እሑድ አብራችሁ ቤተ ክርስቲያን ደርሳችሁ ትመለስ።»

«ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ማን ያያታል?» አሉ አክስቴ። ቀሚሱን ዘርግተው በትከሻዬ ለኩት። «እንግዲህ ከመጣች ትምጣ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ሰባተኛ ክፍልን ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ እያደርኩ ተማርኩ። ሱቁ ሲዘጋ አክስቴ አልጋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው «በይ ያንን የሚበሩትን» ይሉኝ ነበር። ከሁሉ የወደዱት እህትየዋን ነበር። «አገባች?» ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። ቲቸር አስፋው በዚያ መስከረም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ነበር፣ ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የት እንደ ደረሰ ሰምቼ አላውቅም፣ በሕይወት እንዳለ ግን ሁልጊዜ አስባለሁ። እህትየዋ ዘግይታ ማግባቷን ያነበብኩት ነርስ ሆኜ ጅማ እየሠራሁ፣ አክስቴ ካረፉ በኋላ ነበር። አባቴ ግን እስኪያረጅ ብስክሌት እየጠገነ ኖረ። ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላ በአውሮፕላን ጅማ ላምጣህ ስለው፣ «እኔ ሰማሁት፣ ይበቃኛል» አለኝ።

ዛሬ ሱቁ በነበረበት ቦታ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ በቤታችንም እንግሊዝኛ ብርቅ አይደለም። የልጅ ልጄ ጥርሷ ሳይለወጥ ከአማርኛዋ ጋር እያደባለቀች ስታወራው ኖራለች፣ እምቢ ባዮቹን ግሶች ማንም ሳያስተምራት ከስልክ ለቅማቸዋለች፣ ስትሳሳትም የሚያርማት ያው ስልኩ ነው። በእኔ ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ከጨረሰ ሰው የበለጠ ታውቃለች፣ ደስ ይለኛል፣ ሐሰት አልናገርም። ብቻ ያኔ አንዲት ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛ ስትገባ ቤተሰቡ በሙሉ እሷን ከቦ ያንኑ ሲያላምጥ ያመሽ ነበር፣ እንግሊዝኛው ገባውም አልገባውም። ዛሬ ልጆቻችን ዓለምን የሚያህል እውቀት ተሸክመው በሩን ከፍተው ይገባሉ፣ እኛም «እራት ቀርቧል፣ እጅሽን ታጠቢ» እንላቸዋለን።